ተዘጋጅቶ መኖር፦ በከተማ ዳር ያለን ምእመናን ደጋግመን የምንጠይቃቸው ጥያቄዎች

ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ፣ የካ አባዶ፣ ጀሞ… አብዛኞቻችን ከሌላ ሰፈር የመጣን ነን። ያደግንበት ደብር ሩቅ ሆኗል። የአሁኗ አጥቢያችን ብዙ ቦታ ገና ከቆርቆሮ መቃኞ (ጊዜያዊ ቤተ ክርስቲያን) አልወጣችም። ሥራ በሌሊት አስነሥቶ ማታ ይመልሰናል። በዚህ ሁሉ መሀል "ጌታ ይመጣል፤ ተዘጋጅታችሁ ኑሩ" የሚለውን ቃል እንሰማለን፤ እንዴት እንደሚኖር ግን ግራ ይገባናል። ከእሑድ ጉባኤ በኋላ ሰዎች ቀርበው የሚጠይቁኝን ሰብስቤ እንደ አቅሜ መልሻለሁ። በሰንበት ትምህርት ቤት የማገለግል ምእመን እንጂ ካህን አይደለሁም። የየራሳችሁን ጉዳይ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ጨርሱት።

ተዘጋጅቶ መኖር ሲባል በትክክል ምን ማለት ነው?

ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ስለ ዐሥሩ ደናግል የተናገረውን አንብቡ። አምስቱ ልባሞች፣ አምስቱ ሰነፎች ነበሩ። ብዙዎቻችን ልባሞቹ ነቅተው የጠበቁ፣ ሰነፎቹ ደግሞ የተኙ ይመስለናል። ቃሉ ግን እንደዚያ አይልም። ሙሽራው በዘገየ ጊዜ ዐሥሩም ተኝተዋል። የለያቸው ዘይቱ ነው። ልባሞቹ ከመብራታቸው ጋር በማሰሮ ዘይት ይዘው ነበር።

ስለዚህ እንቅልፍ አጥቶ መጨነቅና መዘጋጀት የተለያዩ ናቸው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ዘይቱን ምጽዋትና ርኅራኄ ብሎ ተርጉሞታል። ሌሊት ከሱቅ የሚገዛ ነገር አይደለም፤ ቀን በቀን የሚጠራቀም ነው። እኔ የምረዳው እንዲህ ነው፦ ተዘጋጅቶ የሚኖር ሰው ከእግዚአብሔርም ከሰውም ጋር ያለበትን ነገር ለነገ አያሳድርም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚህ አይርቅም።

ስምንተኛው ሺህ ገብቷል ይባላል። ቀኑ ደርሷል ማለት ነው?

ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ሰው የለም። በተለይ የጦርነትና የኑሮ ውድነት ወሬ በበዛበት ሰሞን።

እስቲ ቁጥሩን አብረን እንየው። በባሕረ ሐሳብ አቆጣጠር ከአዳም እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዘመን ነው። በእሱ ላይ ዓመተ ምሕረቱን ስንደምር ዓመተ ዓለም ይገኛል። ለምሳሌ 2018 ዓ.ም 7518 ዓመተ ዓለም ነው። ታዲያ ሰባተኛው ሺህ መቼ ሞላ? በ1500 ዓ.ም። አፄ ልብነ ድንግል በነገሡበት ዘመን ማለት ነው። ስምንተኛው ሺህ ከገባ 500 ዓመት አልፎታል!

ከዚያ ወዲህ የግራኝ ጦርነት መጣ። ጎንደር ተቆረቆረች። ዘመነ መሳፍንት አለፈ። በ1880ዎቹ ክፉ ቀን ሕዝብ በረሃብ አለቀ። ጣልያን ሁለት ጊዜ መጥቶ ተመለሰ። በእያንዳንዱ መከራ ውስጥ "አሁንስ ደረሰ" ያለ ሰው መኖሩ አይቀርም። አይፈረድበትም። መከራ ሲጠና ሰው ወደ ሰማይ ያያል፤ ማየቱም መልካም ነው።

መምጣቱ ግን እውነት ነው። በየቅዳሴው ጸሎተ ሃይማኖት ስንደግም በሕያዋንና በሙታን ሊፈርድ ዳግመኛ በጌትነት እንደሚመጣ እንመሰክራለን። ቀኑን ማስላት ግን ለእኛ አልተሰጠም። ያችን ቀንና ያችን ሰዓት የሰማይ መላእክትም እንደማያውቋት በማቴዎስ 24፥36 ተጽፏል። ሐዋርያቱ ራሳቸው በዕርገቱ ቀን ቢጠይቁት ዘመኑን ማወቅ የእነሱ ድርሻ እንዳልሆነ ነግሯቸዋል፤ የሐዋርያት ሥራ 1፥7 ላይ ታገኙታላችሁ። ለሐዋርያት ያልተነገረ ነገር ለአንድ የዩቲዩብ ሰባኪ ተነገረ ብሎ ማመን ይከብደኛል።

በዓቢይ ጾም አምስተኛው እሑድ፣ በደብረ ዘይት፣ ማቴዎስ 24 ይነበባል። ጦርነትና የጦርነት ወሬ እንደምንሰማ ይናገርና ወዲያው "አትደንግጡ" ይላል። በሳምንቱ ደግሞ ገብር ኄር ነው፤ መክሊት ተቀብሎ የነገደው የታማኙ አገልጋይ እሑድ። ቤተ ክርስቲያን ጌታ ይመጣል ብላ ባስተማረች በሳምንቱ "በተሰጣችሁ ሥሩ" ትለናለች። ይህ ቅደም ተከተል ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

በቴሌግራምና በቲክቶክ የሚላኩ ራእዮችንስ ምን ላድርግ?

አታስተላልፉ። "ለ10 ሰው ካልላክህ መዓት ይደርስብሃል" የሚል መልእክት ከእግዚአብሔር አይደለም፤ ዝም ብላችሁ አጥፉት። ስለ አንድ ትምህርት ከተጠራጠራችሁ በአጥቢያችሁ ያለ መምህር ጠይቁ። ብዙ ጊዜ መልሱ የአምስት ደቂቃ ነው።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ተነሥቼ ማታ 3 ሰዓት ነው የምገባው። መቼ ልጸልይ?

የቤተ ክርስቲያን የጸሎት ጊዜያት ሰባት ናቸው። ጠዋት ነግህ፣ ከዚያ 3 ሰዓት፣ 6 ሰዓት፣ 9 ሰዓት፣ ማታ ሠርክ፣ ከመኝታ በፊት ንዋም፣ ከዚያም መንፈቀ ሌሊት። ነቢዩ ዳዊት "ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ" ያለውን ይዘው አባቶች የሠሩት ሥርዓት ነው። ሰዓቶቹ ያለ ምክንያት አልተመረጡም። በ3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ በሐዋርያት ላይ ወርዷል። በ6 ሰዓት ጌታ ተሰቅሏል። በ9 ሰዓት ነፍሱን በፈቃዱ ሰጥቷል።

"እኔ ገዳም አይደለሁም" ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን 6 ሰዓት ላይ ምሳ ዕቃችሁን ትከፍታላችሁ አይደል? ከመክፈታችሁ በፊት አንድ አባታችን ሆይ፣ አንድ "በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል" ድገሙ። የተሰቀለበት ሰዓት መሆኑን አስቡና ብሉ። ደቂቃ አይፈጅም። የ6 ሰዓቱ ጸሎት ግን ተደረሰ።

ጠዋት ቱሉ ዲምቱ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማችሁ ታውቁ ይሆናል። ገና አልነጋም። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሰው ሁሉ ኮፍያውንና ነጠላውን ደፍቶ ጭጭ ብሎ ቆሟል። ከሰልፉ መሀል አንዲት እናት ትንሿን ውዳሴ ማርያም በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በሌላው የስልካቸውን መብራት እያበሩ ገጽ ሲገልጡ አይቻለሁ። ሰልፉ ሲንቀሳቀስ ጣታቸውን ገጹ መሀል ከተው ሁለት እርምጃ ይራመዳሉ፤ ከዚያ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ሃይገሩ ሲመጣ የዕለቱን ጨርሰው መጽሐፉን ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ውዳሴ ማርያም በሰባቱ ዕለታት የተከፈለ ስለሆነ ለእንዲህ ዓይነት ኑሮ ይመቻል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ሁሉንም ጸሎት ለመንገድ አትተዉት። ቢያንስ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ቆማችሁ ጸልዩ። ዐሥር ደቂቃ ይበቃል። ከጸሎቱ በኋላ ሦስት ነገር ራሳችሁን ጠይቁ። ዛሬ ማንን አስቀየምኩ? የማን ገንዘብ እጄ ላይ አደረ? ምን ደበቅሁ? መልሱ ካለ ነገ ጠዋት የምትጀምሩት ሥራ ተገኘ ማለት ነው።

የሌሊት ፈረቃ ለምትሠሩ፣ ጥበቃ ላይ ላላችሁም፦ በጾም ቀናት ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ ነው። ጠዋት ተኝታችሁ ቀን ልትደርሱ ትችላላችሁ። ብዙ ሰው ቅዳሴ ሁልጊዜ ጠዋት ብቻ ስለሚመስለው ይቀርበታል።

ከካዛንቺስ ወደዚህ ከመጣሁ ወዲህ ንስሐ አባቴን አላገኘኋቸውም። ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ደውሉላቸው። መንገዱን ችላችሁ በወር አንዴም ቢሆን የምትሄዱ ከሆነ እዚያው መቀጠል ትችላላችሁ። ካልሆነ እውነቱን ንገሯቸውና መርቀው እንዲያሰናብቷችሁ ጠይቁ። ሳይነግሩ መጥፋት ደግ አይደለም፤ አባት ስለ ልጁ ይጨነቃል።

ከዚያ በአጥቢያችሁ ጽሕፈት ቤት ገብታችሁ የሰበካ ጉባኤ አባል ሁኑ። ንስሐ አባት እንደምትፈልጉ ንገሯቸው። መቃኞ በሆነች አጥቢያ ካህናቱ ጥቂት ናቸው፤ ልጆቻቸው ብዙ ናቸው። ቀጠሮ ሊዘገይ ይችላል። በዚህ አትማረሩ፣ ደግማችሁ ሂዱ።

ለምክር ስልክ ይበቃል። ለኑዛዜ ግን ፊት ለፊት ቅረቡ። አነጋገራችሁ ቀጥተኛ ይሁን። "እንደ ማንኛውም ሰው አጠፋለሁ" ማለት ኑዛዜ አይደለም። የሠራችሁትን በስሙ ጥሩት። የባላችሁን፣ የሚስታችሁን፣ የአለቃችሁን ኃጢአት አትናዘዙ፤ የራሳችሁን ብቻ። ካህኑ የሰሙትን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው። የሚሰጧችሁ ቀኖና፣ ስግደትም ይሁን ጾም ወይም ምጽዋት፣ ከከበዳችሁ እዚያው ተናገሩ። ተቀብሎ ወጥቶ ከመተው "አባቴ፣ ሥራዬ ከባድ ነው፤ ይህን አልችልም" ማለት ይሻላል። ያስተካክሉላችኋል።

ገና ወጣት ነኝ። ስሸመግል ብቆርብ አይሻልም?

አይሻልም። እዚህ ላይ ጠንከር ማለቴን ይቅር በሉኝ።

የእኛ ልማድ የሚያሳዝን ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ተጠምቀው ይቆርባሉ። እናት አዝላ ታመጣቸዋለች። ለዐሥራዎቹ ዕድሜ ሲደርሱ ከሰልፉ ይወጣሉ። ከዚያ 40፣ 50 ዓመት ሙሉ ወደ ቁርባን አይቀርቡም። ፀጉር ሲሸብት ነጠላ ተከናንበው ይመለሳሉ። መሀል ላይ ያለው ዕድሜ፣ ፈተናው የሚበዛበት፣ ከቁርባን የራቀ ነው። ጌታ በዮሐንስ 6 ሥጋዬን ያልበላ ደሜን ያልጠጣ ሕይወት የለውም ሲል ዕድሜ አልጠቀሰም። ደግሞስ እንደምንሸመግል ማን ነገረን?

"በቂ አይደለሁም" የሚለው ምክንያት ትሕትና ይመስላል። ግን በቂ ሆኖ የሚቆርብ ሰው የለም። የሚቆርበው ንስሐ የገባ ሰው ነው። "ቆርቤ ብወድቅስ?" ለሚለው ደግሞ መልሱ ያው ነው፦ ተነሡ፣ ንስሐ ግቡ።

በሽማግሌ ወይም በማዘጋጃ ቤት ተጋብታችሁ የምትኖሩ ባልና ሚስት "እኛማ አይሆንልንም" ብላችሁ አትደምድሙ። አብራችሁ ንስሐ አባት ዘንድ ቅረቡ፤ ንስሐ ገብታችሁ በቅዱስ ቁርባን ጋብቻችሁን ማጽናት ትችላላችሁ። ልጆች ወልደው፣ ቤት ሠርተው ከዚያ በኋላ የቆረቡ ብዙዎች ናቸው። ከመቁረብ በፊት 18 ሰዓት መጾም እንዳለ ታውቃላችሁ። የቀረውን ሥርዓት ካህኑ ያስረዷችኋል።

የተጣላሁት ጎረቤቴ ይቅርታዬን አይቀበልም። እኔ ምን ላድርግ?

ኮንዶሚኒየም ውስጥ የኖረ ሰው ጠብ ከምን እንደሚነሣ ያውቃል። ውኃ በሳምንት አንዴ ይመጣል፤ አንዱ በርሜል ሁሉ ሞልቶ ሌላው ባዶ ይቀራል። አራተኛ ፎቅ ላይ ቡና ሲወቀጥ ሙቀጫው ሦስተኛ ፎቅ ላለው ሰው አናቱ ላይ ነው። ደረጃ ማጽዳት የማን ተራ እንደነበር ክርክር ይነሣል። ከዚያ ሰላምታ ይቆማል። ደረጃ ላይ ስትተላለፉ አንዳችሁ ስልክ የምታወሩ ትመስላላችሁ። ዓመት ያልፋል።

ጌታ መባህን ይዘህ መሠዊያው ጋ ደርሰህ ወንድምህ ያዘነብህ መሆኑን ብታስታውስ መባህን እዚያው ተውና መጀመሪያ ሂድ ታረቅ ብሏል። ማቴዎስ 5፥23 ላይ አለ። በቅዳሴም ዲያቆኑ "ጸልዩ በእንተ ሰላም ፍጹምት" ብሎ እርስ በርሳችን ሰላምታ እንድንሰጣጥ ያዝዛል። እኛ አጠገባችን ላለው እጅ ነሥተን እናልፋለን። የተጣላነው ሰው ግን ከወንዶች ወይም ከሴቶች በኩል ሁለት ረድፍ ኋላ ቆሞ ይሆናል።

አካሄዱ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። ራሳችሁ ሂዱ። በዓል ሲመጣ ስልክ ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ "ካስቀየምኳችሁ ይቅር በሉኝ" የሚል ጽሑፍ መበተን ዕርቅ አይደለም። ካስቀየምኩህ አትበሉ፤ አስቀይሜሃለሁ በሉ። ምን እንዳደረጋችሁ በስሙ ጥሩት። "በዚያን ቀን ልጅህን ባለጌ ብዬ ሰድቤዋለሁ፤ ጥፋቴ ነው።" የሰበራችሁት ወይም የወሰዳችሁት ነገር ካለ ይዛችሁ ሂዱ። ብቻችሁን ካልሆነላችሁ ሁለታችሁም የምታከብሯቸውን ሰው፣ የእድሩን ዳኛ ወይም የሰንበቴውን ሙሴ (ሰብሳቢ)፣ ለምናችሁ ላኩ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ጠብ በሳምንቱ ሲያዝ ይቀላል።

እምቢ ቢልስ? ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ 12፥18 "ቢቻላችሁ በእናንተ በኩል" ብሏል። በእናንተ በኩል ያለውን ጨርሱ። ሰላምታችሁን አታቋርጡ፤ ባይመልስም "እንደምን አደራችሁ" በሉ። በጸሎታችሁ ስሙን ጥሩ። ሐዘን ቢደርስበት ቀድማችሁ ድንኳኑ ጋ ተገኙ። ለንስሐ አባታችሁም ያደረጋችሁትን ንገሩ። ከዚያ ወዲያ የእሱ ጉዳይ ከእግዚአብሔር ጋር ነው፤ እናንተ ቁርባን አይቅርባችሁ።

ይህን ስል አንድ ሴት መጥታ "ባሌ ይደበድበኛል፤ ይቅር ብዬ ልመለስ?" ብላ ጠይቃኛለች። መልሴ አጭር ነበር። ይቅር ማለት ለዱላ ጀርባ መስጠት አይደለም። ቂም አለመያዝ ይቻላል፤ በደኅና ቦታ ሆኖም ይቻላል። ይህ ነገር የደረሰባችሁ ለንስሐ አባታችሁ፣ ለቤተሰብ፣ አስፈላጊ ከሆነም ለፖሊስ ተናገሩ።

እጸልያለሁ፣ እጾማለሁ። ገንዘብ ላይ ያለኝ ነገር ከዚህ ጋር ምን አገናኘው?

በጣም ይገናኛል። ከተማ ዳር ግንባታ ብዙ ነው። ግንበኛው፣ አናጢው፣ ቀን ሠራተኛው ዓርብ ማታ ገንዘቡን ይጠብቃል። "ቅዳሜ ና" ይባላል። ቅዳሜ "ሰኞ ና" ይባላል። አንዳንዱ ሳይከፈለው ሌላ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል። ቅዱስ ያዕቆብ በመልእክቱ 5፥4 የተያዘ የሠራተኛ ደመወዝ እንደሚጮኽና ጩኸቱም ጌታ ጆሮ እንደሚገባ ጽፏል። 55ቱን የዓቢይ ጾም ቀናት ጾሞ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ ይዞ መፋሰክ እንዴት ይሆናል? ኢሳይያስ ምዕራፍ 58ን ከጾም መግቢያ በፊት አንብቡት።

የቤት ሠራተኛችሁም እንደዚያው ናት። ደመወዟን በወሩ ስጧት። እሑድ ጠዋት እናንተ ቅዳሴ ስትሄዱ እሷ ሽሮ እያማሰለች ቤት እንድትውል አታድርጉ። በተራ ሂዱ።

ሌላው ድንበር ነው። አጥር ሲሠራ ሁለት ክንድ ወደ ጎረቤት፣ ወደ መንገዱ፣ ወይም ወደ አርሶ አደሩ ማሳ ገፋ ማድረግ እንደ ብልጠት ተቆጥሯል። ዘዳግም 27፥17 የባልንጀራውን ድንበር የሚያፈርሰውን ይረግማል፤ ሕዝቡም ሁሉ አሜን ይላል። ይህን የሠራ ሰው ንስሐው በእንባ ብቻ አያልቅም። አጥሩን ማንሣት አለበት። ዘኬዎስ የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ አለ፤ ጌታም "ዛሬ ለዚህ ቤት መዳን ሆኖለታል" ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

ጌታ የሚመጣ ከሆነ ለምን እማራለሁ? የቤት ዕዳስ ለምን እከፍላለሁ?

በተሰሎንቄ የነበሩ አንዳንድ ክርስቲያኖች እንዲህ አስበው ሥራ አቁመው ነበር። ጳውሎስ ሊሠራ የማይወድ አይብላ ብሎ ጻፈላቸው። ተማሩ፤ የባንኩንም በየወሩ ክፈሉ።

ስለ ጳጉሜን ለምን ይህን ያህል ይነገራል?

ዓመቱ የሚያልቅባት ወር ናት፤ አምስት ቀን፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት። የዘመን ፍጻሜን ታሳስባለች። ብዙዎች በፈቃዳቸው ይጾሙባታል። ጳጉሜን 3 የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ነው፤ ልጅ አዋቂው ዝናቡን በረከት ብሎ ይጠመቅበታል። እኔም እወደዋለሁ። ለዝናቡ ከወጣችሁ በዚያው ንስሐ አባታችሁ ጋ ጎራ በሉ፤ አዲሱን ዓመት የአምናን ሸክም ይዛችሁ አትግቡ።

ስለ ሞትና ስለ ፍርድ ሳስብ እንቅልፍ አጣለሁ። ይህ ደኅና ነው?

እግዚአብሔርን መፍራት ሰውን ወደ ንስሐ ይወስዳል፤ ከንስሐ በኋላም ሰላም ይሰጣል። ንስሐ ገብታችሁም የማይለቅ፣ ከሥራና ከምግብ የሚያግድ፣ ሌሊቱን የሚነጥቅ ፍርሃት ግን ከዚያ የተለየ ነው። ለንስሐ አባታችሁ ንገሩ፤ ጸበሉም ጸሎቱም ይኑር፤ ሐኪም ዘንድም ሂዱ። ሐኪም ዘንድ መሄድ እምነት ማጉደል አይደለም።

ደግሞ ማን እንደሚመጣ አስቡ። የሚመጣው የማናውቀው ዳኛ አይደለም። በቀኙ የተሰቀለውን ወንበዴ በመጨረሻዋ ሰዓት "ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ" ያለው ራሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች መምጣቱን በናፍቆት ነበር የሚጠብቁት። መጽሐፍ ቅዱስ ሊያልቅ ሲል "ና፣ ጌታ ኢየሱስ ሆይ" የሚል ልመና አለ።

ልጆችን ሳላስፈራራ እንዴት ላስተምር?

"ሰይጣን ይበላሃል፣ እሳት ትገባለህ" እያሉ ማሳደግ ውጤቱ ጥሩ አይደለም። ልጁ ሲያድግ ከፍርሃቱ ጋር ቤተ ክርስቲያኑንም ይተዋል። ከዚህ ይልቅ ልጆች ስትሠሩ ያያሉና እናንተ አድርጉት። አጥፍታችሁ ከሆነ ልጁን ራሱን ይቅርታ ጠይቁት። ለነዳያን የሚሰጠውን ሳንቲም በእሱ እጅ አሰጡት። ማታ አብራችሁ ቆማችሁ አጭር ጸሎት አድርጉ፤ ከደከመው ቶሎ ይተኛ። እሑድ ለሰንበት ትምህርት ቤት ስታመጡት ጭቃው አያስመርራችሁ፤ ክረምት ላይ የእኛ ግቢ ቦት ጫማ ይፈልጋል።

ድንገት ብሞት ቤተሰቤ ምን ይሆናል? ይህስ መንፈሳዊ ጉዳይ ነው?

ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ ለታመመው ንጉሥ ሕዝቅያስ ሲላክ ይዞት የሄደው ቃል "ቤትህን አስተካክል" የሚል ነበር። ንጉሡ አልቅሶ ጸለየ፤ 15 ዓመት ተጨመረለት። ቃሉ ግን ለሁላችን ይሠራል።

ብዙ ቤተሰብ ሐዘኑ ሳይወጣለት ፍርድ ቤት ይቆማል። ወንድማማቾች በአባታቸው ተዝካር ማግስት ሲካሰሱ ማየት ያማል። ሟቹ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ምንም አልጻፈም። ስለዚህ አንድ ቀን ተቀመጡና ጻፉ። ከማን ተበደራችሁ? ያበደራችሁት ሰው አለ? የእቁባችሁ ዕጣ ወጥቷል ወይስ ቀሪ ነው? የቤቱ ክፍያ የት ደረሰ? ሰው አደራ ብሎ ያስቀመጠባችሁ ነገር አለ? አደራ በተለይ ሳይነገር ከቀረ ባለቤቱ ማስረጃ የለውም፤ ልጆቻችሁም ሳያውቁ የሰው ገንዘብ ይበላሉ።

ንብረት ካላችሁ ኑዛዜ ጻፉ። በ1952 የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ኑዛዜ በራስ እጅ ሊጻፍ ይችላል። ሙሉ በሙሉ በእጃችሁ ጽፋችሁ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ አስፍራችሁ፣ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ታደርጋላችሁ። ወይም በምስክሮች ፊት ታደርጉታላችሁ፤ እንደ መደበኛው ሥርዓት አራት ምስክር ያስፈልጋል። ነገሩ የተወሳሰበ ከሆነ ጠበቃ አማክሩ። ለድኃ ወይም ለመቃኞዋ ማሠሪያ መስጠት የምትፈልጉት ካለ በሕይወት ሳላችሁ ስጡት፤ ለወራሾች ጭቅጭቅ አትተዉት።

የእድር መዋጯችሁንም አታሳልፉ። ወረቀቱ የት እንዳለ ቢያንስ ሁለት ሰው ይወቅ።